«ባክሆል» በቴሌኮም ውልና በጋዝ ማጓጓዣ ውል ውስጥ፦ አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?

የውል ተርጓሚ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የንግድ ውሎችን ወደ አማርኛ በመመለስ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰሞኑን በእጄ የገቡ ሁለት ሰነዶች በአንድ ቃል የተነሳ እንቅልፍ ነስተውኛል። አንደኛው ከሞባይል ማማዎች ተነስቶ እስከ ኦፕሬተሩ ዋና ማእከል ድረስ ስለሚከራይ መስመር የተጻፈ ውል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ለሥልጠና የሚገለገልበት፣ በአሜሪካ የተለመደ የተፈጥሮ ጋዝ ማጓጓዣ ውል ናሙና ነው። በሁለቱም የትርጓሜ አንቀጽ ውስጥ «የባክሆል አቅም» (በእንግሊዝኛ backhaul capacity) የሚል ሐረግ አለ።

በመጀመሪያ ሁለቱንም «የመልስ ጭነት አቅም» ብዬ ተረጎምኳቸው። በጅቡቲ መንገድ የሚሠሩ የከባድ መኪና ሹፌሮች «የመልስ ጭነት አገኘሁ» ወይም «ባዶዬን ተመለስኩ» ሲሉ እየሰማሁ ስላደግሁ ቃሉ በቀላሉ የገጠመልኝ መስሎኝ ነበር። የቴሌኮሙን ረቂቅ ያነበበው መሐንዲስ ግን ከማማው ምን ጭኖ የሚመለስ መኪና እንዳለ በትሕትና ጠየቀኝ። በጋዙም ሰነድ ቢሆን ጋዝ በአንድ ቧንቧ ውስጥ ሄዶ እንዴት እንደሚመለስ አልገባኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሁለቱ ዘርፎች ቃሉ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው ወይስ የተለያየ? የትርጓሜውን አንቀጽ በአማርኛ ሲያረቁትስ በኋላ ጭቅጭቅ እንዳያመጣ የትኞቹ ነገሮች የግድ መጠቀስ አለባቸው?

የሬዲዮ መሐንዲስ

በቴሌኮም በኩል ያለውን ልመልስ፤ ጋዙን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

በእኛ ሥራ ባክሆል አቅጣጫ አይደለም፤ ቦታ ነው። ስልክዎ ከማማው ጋር በአየር የሚገናኝበት ክፍል አንድ ነገር ነው፤ ማማው ራሱ ከኦፕሬተሩ ዋና ኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት ክፍል ሌላ ነገር ነው። ባክሆል የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። በማይክሮዌቭ፣ በፋይበር፣ ራቅ ባሉ ቦታዎችም በሳተላይት ሊሠራ ይችላል፤ ዳታውም ወደ ማማውና ከማማው ወደ ኋላ በአንድ ጊዜ ይመላለሳል። ስለሆነም «መልስ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም። እኔ ብሆን «ባክሆል» ብዬ በፊደል ጽፌ፣ ከጎኑ «ማማን ከዋና ኔትወርክ የሚያገናኝ መስመር» ብዬ እፈታው ነበር። ለነገሩ በሥራ ቦታ ማንም ሰው ከባክሆል ሌላ ቃል ሲጠቀም ሰምቼ አላውቅም።

ቃሉ በቴሌኮም ውስጥም ሁለተኛ መልክ እንዳለው ልብ ይበሉ። በባሕር ውስጥ ገመድ ውሎች ባክሆል ማለት ገመዱ ከባሕር ወጥቶ ከሚያርፍበት ጣቢያ እስከ ከተማው የመገናኛ ማእከል ያለው የየብስ ክፍል ነው። እንደ ኢትዮጵያ የባሕር በር ለሌለው አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጅቡቲ ጣቢያ ላይ አቅም የገዛ ሰው አዲስ አበባ ላይ አቅም አለው ማለት አይደለም፤ በመካከሉ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የየብስ መስመርና አንድ ድንበር አለ። በውሉ ላይ «እስከ ጅቡቲ» ተብሎ ተጽፎ ርክክቡ በጣቢያው ውስጥ ይሁን፣ በከተማው ማእከል ወይም በድንበሩ ላይ ካልተለየ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣውን ክርክር መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ «አቅም» ልምጣ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሠራሁባቸው ሥራዎች በአንዱ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አቅራቢ ለአንድ ማማ «300 ሜጋቢት በሰከንድ የባክሆል አቅም፣ 99.9 በመቶ ዝግጁነት» ብሎ ፈርሞ ነበር። መስመሩ ማይክሮዌቭ ነው። ዘመናዊ የማይክሮዌቭ መሣሪያ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ከመቋረጥ ይልቅ የሞጁሌሽን ደረጃውን፣ ማለትም ዳታውን በሬዲዮ ሞገድ ላይ የሚጭንበትን መንገድ፣ ራሱ ዝቅ ያደርጋል፤ በጥሩ አየር 256 ኪው.ኤ.ኤም በተባለው ከፍተኛ ደረጃ ላይ እያለ በእያንዳንዱ ምልክት 8 ቢት ሲልክ፣ ኪው.ፒ.ኤስ.ኬ ወደተባለው ዝቅተኛ ደረጃ ሲወርድ 2 ቢት ብቻ ይልካል። ይህም ማለት 300 የነበረው ወደ 75 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር ያ መስመር ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ የአካባቢው ደንበኞችም ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ እያሉ ይደውላሉ። የወሩ ሪፖርት ሲመጣ ግን ዝግጁነቱ 100 በመቶ ይላል። ለምን? መስመሩ አልተቋረጠማ! ውሉ «ዝግጁ» ማለት «ያልተቋረጠ» እንደሆነ እንጂ «ሙሉ አቅሙን የሚያደርስ» እንደሆነ አልተናገረም። አቅሙና ዝግጁነቱ በሁለት የተለያዩ አንቀጾች ተጽፈው የሚያስተሳስራቸው አንድም ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ሌላ ቁጥሩ የት እንደሚለካም መጻፍ አለበት። 1 ጊጋቢት በሚለው የኤተርኔት ወደብ ላይ ዳታው በ64 ባይት ፍሬሞች (የዳታ እሽጎች) ተቆራርጦ ከሄደ፣ በየፍሬሙ መካከል የሚባክነው 20 ባይት ተቀንሶ የሚተርፈው 762 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ በ1518 ባይት ፍሬሞች ከሄደ ግን 987 ይደርሳል። ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን እየተናገሩ ሊጣሉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሚለካበት ደረጃ፣ የፍሬሙ መጠንና የፈተናው ዓይነት በአባሪ ይቀመጥ፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዋይ.1564 የተባለው የፈተና አሠራር ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ሻጮች የመላኪያውንና የመቀበያውን ደምረው 1 ጊጋቢቱን «2 ጊጋቢት» ስለሚሉት፣ «በእያንዳንዱ አቅጣጫ በተናጠል» የሚለውን ሐረግ አይርሱ።

ከሂውስተን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው በቴክሳስ ሲሆን ሥራዬ በየቀኑ በቧንቧ የሚሄድ ጋዝ መርሐ ግብር ማስያዝ ነው። ተርጓሚው የመረጡት «የመልስ ጭነት» ወደ ጋዙ ይቀርባል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ያሳስታል። በመልስ ጭነት መኪናው በእርግጥ ይመለሳል። በጋዝ ባክሆል ግን ምንም ነገር አይመለስም።

ለእኛ አገር ሰው በሐዋላ ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል። እዚህ አሜሪካ ያለ ሰው ለሐዋለኛው ዶላር ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ብር ይቀበላሉ፤ ያችው የብር ኖት ግን ውቅያኖስ አላቋረጠችም። ሐዋለኛው የሠራው ከዚያ ወደዚህ መክፈል የሚፈልግን ሌላ ሰው ገንዘብ ከዚህኛው ጋር ማቻቻል ነው። የጋዝ ባክሆልም ይኸው ነው። ቧንቧው በቀን 1,000 ክፍል ጋዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እያጓጓዘ ነው እንበል። እኔ በምሥራቁ ጫፍ 200 ክፍል ጋዝ አለኝ፤ ምዕራብ ላይ ልረከበው እፈልጋለሁ። አጓጓዡ የእኔን 200 እዚያው ምሥራቅ ላይ ላሉ ተረካቢዎች ይሰጥና፣ ወደ ምሥራቅ ሊሄድ ከነበረው ውስጥ 200ውን ምዕራብ ላይ አስቀርቶ ለእኔ ያስረክበኛል። በቧንቧው ውስጥ በእርግጥ የሚፈሰው 800 ይሆናል። የተጓጓዘው ሂሳቡ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ አርቃቂዎች ይዘነጉታል፦ የባክሆል አቅም የቧንቧው ባሕርይ አይደለም። የቧንቧ አቅም በስፋቱ፣ በግፊቱና ጋዙን በሚገፉት ማሽኖች፣ በኮምፕሬሰሮቹ፣ ይወሰናል፤ የባክሆል አቅም ግን በዚያን ዕለት ሌሎች ሰዎች በቧንቧው ዋና አቅጣጫ (ወደ ፊት) እንዲሄድ ባስያዙት ጋዝ መጠን ይወሰናል። ወደ ፊት የሚሄደው 1,000 ከሆነ ባክሆል ከ1,000 ሊበልጥ አይችልም፤ ዜሮ ከሆነ ባክሆሉም ዜሮ ነው። ሐዋለኛው ከወዲያ የሚልክ ሰው ካጣ ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው ባክሆል ብዙውን ጊዜ «ሊቋረጥ የሚችል» አገልግሎት ሆኖ የሚሸጠው። የአውሮፓ ኅብረት የአቅም ድልድል ደንብ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቁጥር 459፣ አስተማማኝ አቅም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚቀርብባቸው የመገናኛ ነጥቦች ላይ አስተላላፊዎቹ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢያንስ የአንድ ቀን ሊቋረጥ የሚችል አቅም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። «አስተማማኝ» አቅም ያቅርቡ አላለም።

ከኔዘርላንድስ ወደ እንግሊዝ በባሕር ሥር የሚሄደው ቢ.ቢ.ኤል. የተባለው 235 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቧንቧ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ጋዙ በአካል መሄድ የሚችለው ወደ እንግሊዝ ብቻ ነበር፤ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚገዛው አቅም በሂሳብ የሚቻቻል ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2019 ነው በአካል ወደ ኔዘርላንድስ መፍሰስ የቻለው። እነዚህ ሁለት አገልግሎቶች ተረካቢው በተመሳሳይ ቦታ ጋዙን ስለሚያገኝ ሊመሳሰሉበት ይችላሉ፤ የሚያደርጉለት ዋስትና ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው የዩክሬንና የሃንጋሪ ድንበር ነው። ዩክሬን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከሃንጋሪ በኩል ጋዝ የምትገዛው በዚሁ በማቻቻል መንገድ ነበር፤ ወደ ሃንጋሪ ከሚያልፈው የሩሲያ ጋዝ ላይ ድርሻዋን እዚያው አስቀርታ፣ በወረቀት ግን ሃንጋሪ ደርሶ የተመለሰ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2021 ሃንጋሪ በአዲስ የረጅም ጊዜ ውል ጋዟን በሌላ መንገድ፣ በጥቁር ባሕርና በባልካን በኩል መረከብ ስትጀምር፣ በዩክሬን በኩል የሚያልፈው ቆመ። በዚያው ቀን ማቻቻያ የሚሆን ወደ ፊት ፍሰት አልነበረም። ቧንቧው እዚያው ነው፤ አልተቆረጠም፤ በባለቤቱ በኩል የተሰበረ ነገር የለም። ባክሆሉ ግን መሠረቱን አጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በትርጓሜ አንቀጽ ላይ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነውና። ብዙ ውሎች ባክሆልን «በቧንቧው ውስጥ ካለው ፍሰት ተቃራኒ በሆነ አቅጣጫ የሚደረግ ማጓጓዝ» ብለው ይፈቱታል። ፍሰቱ ራሱ ቢገለበጥስ? ሮኪስ ኤክስፕረስ የተባለው ቧንቧ ከሮኪ ተራሮች አካባቢ እስከ ምሥራቅ ኦሃዮ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ፣ በቀን 1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ወደ ምሥራቅ እንዲወስድ የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ምሥራቁ ራሱ፣ ፔንስልቬንያና ኦሃዮ፣ ከሼል ድንጋይ በሚወጣ ጋዝ ተጥለቀለቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቧንቧው ምሥራቃዊ ክፍል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በቀን 1.2 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ በአካል መሄድ ጀመረ። እንግዲህ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ «ባክሆል» ይባል የነበረው አቅጣጫ ዋናው መንገድ ሆነ ማለት ነው። በፍሰት አቅጣጫ የተተረጎመ ውል የያዘ ሰው ቃሉ በእጁ ላይ ተገልብጦበታል። ስለዚህ አቅጣጫውን በነጥቦች ስም ይጻፉ፤ «ከዚህ መለኪያ ጣቢያ እስከዚያ መለኪያ ጣቢያ» ይበሉ እንጂ «ከፍሰቱ በተቃራኒ» አይበሉ።

የቀሩትን በአጭሩ፦ ከፍተኛው ዕለታዊ መጠን በኃይል መለኪያ ይሁን በኪዩቢክ ጫማ መገለጽ አለበት። አገልግሎቱ አስተማማኝ ወይስ ሊቋረጥ የሚችል መሆኑም እንዲሁ። ለኮምፕሬሰር የሚቃጠለው ጋዝ ከአስጓጓዡ ላይ በመቶኛ ይቀነሳል፤ በባክሆል ግን ኮምፕሬሰሩ ለእርሱ ብሎ ስለማይሠራ ብዙውን ጊዜ ይህ አይጠየቅም፤ ውሉ ዝም ካለ ግን ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም እያሉ በየወሩ ደረሰኝ መጨቃጨቅ ነው።

ጠበቃ

የሁለቱም ማብራሪያ ጠቃሚ ነው። እኔ የምጨምረው ሕጉን የሚመለከትና በአማርኛ ስለሚጻፍ ብቻ የሚመጣ ጣጣ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኞች ከዚያ ርቀው የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም መፈለግ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ይህም በተርጓሚው ላይ ትልቅ ሸክም ነው። ሁለቱም ወገኖች ሲደራደሩ የተግባቡበትን ነገር አማርኛው ጽሑፍ በግልጽ ሌላ ነገር አድርጎ ካስቀመጠው፣ «እኛ እኮ ማለታችን እንዲህ ነበር» የሚለው ክርክር ሩቅ አይሄድም። «የመልስ ጭነት» የሚለው ቃል በአማርኛ ግልጽ ነው፤ አደጋውም በጣም ግልጽ መሆኑ ነው።

መሐንዲሱ ያነሱትን የዝናብ ነገር ደግሞ አቅራቢዎች ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቁጥር 1792 የሚጠይቀው ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለው ድንገተኛ ነገር ነው። በየዓመቱ በሰኔ የሚገባን ክረምት አላሰብኩትም የሚል ክርክር ይዞ ችሎት ፊት መቆም ለእኔ ያሳፍረኛል። ያም ሆኖ በውሉ ውስጥ «የአየር ጠባይ» የሚል ቃል በዝርዝሩ ተወርውሮ ከተገኘ ነገሩ ስለሚለወጥ፣ ያንን ዝርዝር ከትርጓሜው ጋር አስተያይተው ያንብቡት።

ሁለት የአማርኛ ጣጣዎች አሉ። አንደኛው ጳጉሜን ነው። ዝግጁነት «በየወሩ» ይሰላል ተብሎ ውሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሄደ፣ የ30 ቀን ወር 43,200 ደቂቃ ስላለው በ99.9 በመቶ ስሌት የሚፈቀደው መቋረጥ 43.2 ደቂቃ ነው፤ የአምስት ቀኗ ጳጉሜን ግን 7,200 ደቂቃ ብቻ ስላላት የሚፈቀደው 7.2 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ቴክኒሻን መኪና አስነስቶ ማማው ዘንድ ሳይደርስ ቅጣቱ ይቆጠራል። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምራችሁ አንድ ወር አድርጓት። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በጋዙ ናሙና ውስጥ የጋዝ ቀን በአሜሪካ ማእከላዊ ሰዓት ከጠዋቱ 9 ይጀምራል የሚል ይኖራል፤ ያንን «9 ሰዓት» ብለው ከተዉት የእኛ አንባቢ ከሰዓት በኋላ አድርጎ ነው የሚወስደው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለው ጽፈው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በትርጓሜው አንቀጽ ይግለጹ።

የውል ተርጓሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠየቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ሁለቱን ትርጓሜዎች ለየብቻ እንደገና ጽፌያቸዋለሁ፤ እባካችሁ እረሙልኝ።

ለቴሌኮሙ፦ «የባክሆል አቅም» ማለት በአባሪ አንድ ከተዘረዘሩት ማማዎች ከእያንዳንዱ እስከ መረከቢያው ነጥብ ድረስ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በተናጠል፣ በአባሪ ሁለት በተወሰነው የመለኪያ ደረጃና ፈተና የሚረጋገጥ፣ አቅራቢው በማንኛውም ጊዜ የሚያደርሰው ዝቅተኛ የዳታ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ከዚህ ባነሰበት ጊዜ ሁሉ መስመሩ እንደተቋረጠ ይቆጠራል።

ለጋዙ፦ «የማቻቻያ ማጓጓዝ» ማለት አስጓጓዡ በአባሪው በተጠቀሰው ምሥራቃዊ ነጥብ ጋዝ አስረክቦ፣ በምዕራባዊው ነጥብ እኩል መጠን ያለው ጋዝ የሚረከብበት፣ በአካል በሚደረግ ፍሰት ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ከተያዘው ጋዝ ጋር በሂሳብ በማቻቻል የሚፈጸም፣ በማንኛውም የጋዝ ቀን ወደ ምሥራቅ ከተያዘው መጠን ሊበልጥ የማይችልና ሊቋረጥ የሚችል አገልግሎት ነው።

የሬዲዮ መሐንዲስ

የጻፉት ጥሩ ነው፤ ሆኖም «በማንኛውም ጊዜ» የሚለውን የትኛውም አቅራቢ አይፈርምልዎትም። በሁለት ደረጃ ይክፈሉት፦ 300 ሜጋቢት በወሩ ውስጥ ለተወሰነ መቶኛ ጊዜ፣ ከዚያ የሚያንስ አንድ ወለል፣ ለምሳሌ 150፣ ደግሞ ለከፍተኛው መቶኛ ጊዜ። ከወለሉ በታች የወረደው ብቻ እንደ መቋረጥ ይቆጠር፤ በሁለቱ መካከል ያለው በቅናሽ ክፍያ ይካካስ። መቶኛዎቹን ሲደራደሩ የነሐሴን መረጃ አስቀርባችሁ ተመልከቱ እንጂ የጥርን አይደለም።

ከሂውስተን

«የማቻቻያ ማጓጓዝ» የሚለውን ወድጄዋለሁ፤ እዚህ ለሚሠሩ ወገኖችም አሳያቸዋለሁ። አንድ እርማት ብቻ አለኝ። «ወደ ምሥራቅ ከተያዘው መጠን» ብለዋል፤ አጓጓዡ በቀን ውስጥ በተለያዩ ዙሮች መርሐ ግብሩን ስለሚያሻሽል፣ ጠዋት የተያዘው ማታ ላይ ሊቀንስ ይችላል። በየትኛው ዙር የተረጋገጠው መጠን እንደሆነ ይጻፉ፤ የእርስዎ 200 ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ፊት የሚሄደው ቢቀንስ ማን ቀድሞ እንደሚቆረጥ፣ ሁሉም የባክሆል ደንበኛ በድርሻው መጠን ይሁን ወይስ ዝቅተኛ ዋጋ የሚከፍለው፣ በዚያው አንቀጽ ይግባ።